ስድስት ጠርሙስ፣ አንዲት ክኒን

የደብዳቤው ፍሬ ነገር፦ ጠያቂያችን በባሕር ዳር ፋሲሎ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ የ34 ዓመት መምህርት ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀትና የፀጉር መርገፍ ቢበረታባቸው ተመርምረው ሃሺሞቶ የሚባለው የታይሮይድ ሕመም ተገኝቶባቸዋል፤ በየቀኑ 75 ማይክሮ ግራም ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድን ሆርሞን የሚተካ ክኒን) እንዲወስዱም ታዞላቸዋል። ክኒኑን እንዳይረሱት ብለው ከቁርስና ከቡና ጋር ይውጡታል። ጥቅምት ላይ የቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢን ሥራ የሚያዝዘው፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ የሚለው ሆርሞን) ውጤታቸው 9.4 ነበር። ኅዳር ላይ በዋሽንግተን የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ስድስት ጠርሙስ ላኩላቸው፤ ብረት፣ ካልሲየምና 55 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም ያለበት መልቲቫይታሚን፣ ለብቻው 200 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም፣ ኬልፕ የተባለ የባሕር አረም፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚባል 10,000 ማይክሮ ግራም ባዮቲን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ)፣ 5,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ እንዲሁም «ታይሮይድ ሰፖርት» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ አሽዋጋንዳና 100 ማይክሮ ግራም ሴሌኒየም የተቀላቀለበት እንክብል። ሁሉንም ጠዋት ከክኒናቸው ጋር አንድ ላይ መዋጥ ጀመሩ። ጥር ላይ ሲመረመሩ ቲኤስኤች ወደ 0.2 ወርዶ ፍሪ ቲ 4 የተባለው የታይሮይድ ሆርሞን ከልኩ በላይ ሆኖ ስለተገኘ፣ የክኒናቸው መጠን እንዲቀነስ ተነግሯቸዋል። እርሳቸው ግን ድካሙም ብርዱም እንዳልለቀቃቸው ይጽፋሉ። ከስድስቱ የትኛውን ልያዝ፣ የትኛውን ልተው፤ ውሎ አድሮስ ክኒኑን በእነዚህ መተካት ይቻላል ወይ፤ እናቴ የምትሰጠኝ ጥቁር አዝሙድ በማርና የሽፈራው ዱቄት ይጎዱኛል ወይ፤ ጎመንና ዳጉሳ ተዪ የሚሉኝ ሰዎች እውነት አላቸው ወይ፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ክኒኑን እንዴት ላድርግ፤ ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ እያሰብን ስለሆነ ምን ልጠንቀቅ ሲሉም ይጠይቃሉ።

መልስ

ውድ እህታችን፣

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው እርስዎ እንደ ጥያቄ ያላነሡት ጉዳይ ነው። ጥቅምት ላይ ሆርሞን አንሶዎታል ያለው ምርመራ፣ ጥር ላይ በዝቶብዎታል አለ፤ ሰውነትዎ ግን በሁለቱም ጊዜ የሚነግርዎት ማነሱን ነው። ስለዚህ የክኒንዎ መጠን ከመቀነሱ በፊት ስድስቱንም ጠርሙሶች በከረጢት አድርገው ወደ ሐኪምዎ ይሂዱ፤ ጽሑፋቸውንም እንዳለ ያሳዩ። ስለ ጠርሙሶቹ ያልተነገረው ሐኪም የጥር ወሩን ወረቀት አይቶ መጠኑ ይቀነስ ማለቱ አያስወቅሰውም፤ ወረቀቱ የሚለው ያንኑ ነውና።

ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ባዮቲኑን ነው። ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች የደም ሆርሞንን የሚለኩት፣ ባዮቲን ስትሬፕታቪዲን ከተባለ ፕሮቲን ጋር አጥብቆ የመያያዝ ባሕርዩን ተጠቅመው ነው። በተመርማሪው ደም ውስጥ ከጠርሙስ የመጣ ብዙ ባዮቲን ሲኖር ያንን የመያያዣ ቦታ ቀድሞ ይይዘዋል፤ በዚህም ምክንያት ቲኤስኤች ከእውነተኛው በታች፣ ፍሪ ቲ 4 ደግሞ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። ወረቀቱ ላይ የሚታየው ሆርሞን የበዛበት ሰው ነው፤ የደሙ ባለቤት ግን ሆርሞን አንሶት ጋቢ ደርቦ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው ባዮቲን 30 ማይክሮ ግራም ያህል ሲሆን፣ የእርስዎ እንክብል ከዚያ ከ300 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሐኪሞችና ለላቦራቶሪዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበርም ከምርመራ በፊት ባዮቲን ቢያንስ ለሁለት ቀን እንዲቋረጥ ይመክራል፤ መጠኑ እንደ እርስዎ ከፍ ያለ ሲሆን ከዚያም ረዘም ማድረግ ይሻላል። ሁሉም መሣሪያ በዚህ መንገድ አይሠራምና የእርስዎ ደም የተለካበት የትኛው እንደሆነ ላቦራቶሪውን መጠየቅ ይቻላል።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በባዮቲን ላይ ብቻ ጥዬ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም «ታይሮይድ ሰፖርት» የሚለው ጠርሙስ ውጤቱን በእውነት ሊለውጠው ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ምርቶች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምረው ፈቃድ ማግኘት አይጠበቅባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ለታይሮይድ ጤና ተብለው ከሚሸጡ እንክብሎች አሥሩን ሲመረምር፣ በዘጠኙ ውስጥ ቲ 3 የተባለውን ሆርሞን፣ በአምስቱ ውስጥ ደግሞ ቲ 4ን አግኝቷል። የእርስዎ እንክብል እንደዚያ ነው ማለቴ አይደለም፤ አለመሆኑን ግን እርስዎም እኔም ከጽሑፉ ልናውቅ አንችልም። በውስጡ ያለው አሽዋጋንዳም በራሱ የታይሮይድን ሆርሞን ከፍ ሊያደርግ የሚችል ሥር ነው፤ ጉበት እንደጎዳ የተመዘገቡ አጋጣሚዎችም አሉ። የሕንዶቹ አሽዋጋንዳ እኛ አገር ጊዜዋ የምንለው ተክል ነው፤ እናቶቻችን ለጭስ የሚፈልጉት ያው ራሱ ማለት ነው። በጠርሙስ ገብቶ የውጭ ስም ስለያዘ ብቻ አዲስ መድኃኒት አልሆነም።

እንግዲህ ባዮቲኑንና «ታይሮይድ ሰፖርቱን» ዛሬውኑ ይተዉ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪምዎ በቅርብ ቀን ደምዎን እንደገና እንዲያዩት ይጠይቁ። ቲኤስኤች ተመልሶ ከፍ ካለ ጥር ላይ የታየው የባዮቲን ጥላ ነበር ማለት ነው፤ ዝቅ እንዳለ ከቀረ ግን እውነተኛ የሆርሞን መብዛት አለና ሐኪምዎ ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በመካከሉ ልብዎ ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካጠመቀዎ ወይም ሳይፈልጉ ከከሱ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ማግኘት ስለሚችሉ፣ ለዚህ ብለው እስከ አዲስ አበባ መንከራተት አያስፈልግዎትም።

አሁን ወደ ጥቅምቱ 9.4 እንመለስ። የቲኤስኤች ልክ እንደ ላቦራቶሪው ትንሽ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ከ0.4 እስከ 4 ባለው ውስጥ ነው። ጠርሙሶቹ ገና ሳይመጡ ውጤትዎ ከዚህ በላይ የወጣበትን ምክንያት ደብዳቤዎ ራሱ ይናገራል፤ ክኒኑን ከቁርስና ከቡና ጋር ይውጡታል። ሌቮታይሮክሲን በቀላሉ የሚመጠጥ መድኃኒት አይደለም። ምግብና ቡና ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሱታል፤ ብረትና ካልሲየም ደግሞ አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ስለዚህ 75 የተጻፈበትን ክኒን እየዋጡ ሰውነትዎ የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ስንት እንደሚያንስም በየቀኑ ይለያያል። ትክክለኛው አወሳሰድ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ለምሳሌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከወሰዱት አቦሉ 1 ሰዓት ላይ ሊቀዳ ይችላል። ብረት፣ ካልሲየም፣ ሁለቱን የያዘ መልቲቫይታሚንና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ ግን ከክኒኑ ቢያንስ የአራት ሰዓት ርቀት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ቦታቸው ምሳ ወይም እራት ላይ ነው።

በከተማችን ጨጓራዬን የማይል ሰው ማግኘት ስለሚያስቸግር አንድ ነገር ልጨምር፤ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንሱ የሌቮታይሮክሲንን መመጠጥም ያዳክማሉ። የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ ከማቋረጥ ይልቅ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የክኒኑ መጠን በዚያ ልክ ሊስተካከል ይችላል። ክኒኑን በራሱ ማሸጊያ ውስጥ፣ ሙቀት፣ እርጥበትና ብርሃን በማያገኘው ቦታ ያኑሩት፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት የማብሰያ ቤት መደርደሪያ ለእርሱ አይሆንም። ፋርማሲው የሌላ ፋብሪካ ምርት ከሰጠዎትም ለሐኪምዎ ይናገሩ። አወሳሰዱን ካስተካከሉ በኋላ የሚታመን ውጤት የሚገኘው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ሆርሞኑ በደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት አንድ ሳምንት ያህል ስለሚወስድበት፣ ከዚያ በፊት የሚደረግ ምርመራ ለውጡን በሙሉ አያሳይም።

ክኒኑን ውሎ አድሮ በቫይታሚን መተካት ይቻላል ወይ ላሉት፣ አይቻልም። ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 ሕመሙን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ በገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም በሐካሩ ሃሺሞቶ ስም የተጠራ ሲሆን፣ የሰውነት የመከላከል ኃይል አንገት ላይ ያለውን ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ቀስ በቀስ የሚያፈርስበት ሕመም ነው። ዕጢው መሥራት ያቃተውን ሆርሞን ሌቮታይሮክሲን እንዳለ ይተካዋል። ሴሌኒየምም ሆነ ቫይታሚን ዲ ሆርሞን አይደሉም፤ ሊያደርጉ የሚችሉት ቢበዛ ጎድሎ የነበረውን ንጥረ ነገር መሙላት ነው። መጉደሉ ደግሞ በደም ምርመራ ወይም በአመጋገብ ታሪክ መታወቅ ያለበት ከመዋጡ በፊት ነው።

ከጠርሙሶቹ በጣም የማያስፈልግዎት ኬልፕ ነው። ኬልፕ በአዮዲን የበለጸገ የባሕር አረም ነው፤ የአዮዲኑ መጠን ከምርት ምርት በእጅጉ ይለያያል፤ ጽሑፉ ላይ ካለውም ሊያልፍ ይችላል። የአዮዲን እጥረት እንቅርት እንደሚያመጣ በደጋው አገራችን ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ «ለታይሮይድ አዮዲን» የሚለው ምክር ትክክል ይመስላል። የእርስዎ ሕመም ግን ከአዮዲን እጥረት የመጣ አይደለም። ከመጠን ያለፈ አዮዲን በሃሺሞቶ የተያዘውን ዕጢ ሥራ የበለጠ ሊያዳክመውና የመከላከል ኃይሉን ጥቃት ሊያባብሰው ይችላል። በቻይና ሦስት አካባቢዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት አዮዲን ከሚበቃው በላይ በሚወሰድባቸው ቦታዎች የታይሮይድ መድከምና ይኸው ዓይነት የዕጢ መቆጣት በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም ነው። በአገራችን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወስኗል፤ ተገቢውን አዮዲን ያገኘ ጨው በልኩ ሲበላ ይህን መጠን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ በተቃራኒው የሚሳሳቱ ሰዎችም አሉ። ሃሺሞቶ አለብኝ ብለው ከቤታቸው አዮዲን ያለበትን ጨው አስወጥተው አዮዲን ያልተጨመረበትን ጨው ከገበያ ይገዛሉ። ይህን አያድርጉ። የጨው አዮዲን ለእርስዎ የሚጎዳ መጠን የለውም፤ ለልጅዎ ግን ለአእምሮ ዕድገት የግድ ያስፈልገዋል። በታሸገ ዕቃ፣ ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጥ ውስጥም ወደ መጨረሻው ይጨመር፤ አዮዲኑ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚያመልጥ ነው።

ሴሌኒየም ከሁሉም ይልቅ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል፤ እህትዎ የሰሙትም ከባዶ አልተነሣም። የታይሮይድ ዕጢ ከክብደቱ አንጻር ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች የበለጠ ሴሌኒየም የሚይዝ ሲሆን፣ ቲ 4ን ወደሚሠራው ቲ 3 የሚለውጡት ኢንዛይሞችም ያለ ሴሌኒየም አይሠሩም። በርካታ ሙከራዎች በቀን 200 ማይክሮ ግራም የወሰዱ የሃሺሞቶ ሕሙማን ፀረ ቲፒኦ የሚባሉት፣ በገዛ ዕጢያቸው ላይ የተነሡት ፀረ እንግዳ አካላት በደማቸው ውስጥ እንደቀነሱ አሳይተዋል። እኔ ግን የሕሙማኑን ስሜት አስቀድማለሁ። ድካሙ ቀነሰ ወይ፣ የክኒኑ መጠን ሊቀነስ ቻለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አጥጋቢ መልስ አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው፣ የተደረጉትን ሙከራዎች አንድ ላይ የመዘነው የኮክሬን ግምገማም ሴሌኒየምን ለሃሺሞቶ ለመደገፍም ሆነ ለመቃወም የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ነው የደመደመው። የወረቀት ቁጥር ማሳመር ብቻ ከሆነ ትርፉ፣ ከሚከፈልበት ገንዘብና ከሚወሰደው ስጋት ያንሳል ባይ ነኝ።

ስጋቱ ምን እንደሆነ ደግሞ የራስዎን ጠርሙሶች ደምረው ይዩት። ከመልቲቫይታሚኑ 55፣ ከነጠላው 200፣ ከ«ታይሮይድ ሰፖርቱ» 100፣ በድምሩ በቀን 355 ማይክሮ ግራም ይሆናል፤ ከምግብ የሚገኘው ገና አልተቆጠረም። ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 55 ነው። የማይታለፍ ጣሪያ ተብሎ በአሜሪካ የተቀመጠው 400 ሲሆን፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሪያውን ወደ 255 ዝቅ አድርጎታል። ሴሌኒየም ሲበዛ ከሚያሳያቸው ምልክቶች ቀዳሚዎቹ ደግሞ የፀጉር መርገፍና የጥፍር መሰባበር ናቸው። እርስዎ ባዮቲን የሚውጡት ፀጉርዎ ስለሚረግፍ ነበር፤ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ አሥር ግዛቶች 201 ሰዎች ሴሌኒየሙ በስሕተት ከተጻፈው 200 ጊዜ በላይ የሆነ ፈሳሽ ምርት ጠጥተው በተቅማጥ፣ በድካም፣ በመገጣጠሚያ ሕመምና በፀጉር መርገፍ ተሠቃይተዋል። በጽሑፉ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቁጥር አይደለም።

በአገራችን የአፈሩ ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በእህሉም ውስጥ ያለው ይለያያል፤ ስለዚህ እጥረት የለብንም ብዬ አልደመድምም። ነገር ግን የጣና ዳር ሰው ከጠርሙስ በፊት የሚያየው ነገር አለው። ዓሣ በጥቅሉ ጥሩ የሴሌኒየም ምንጭ ነው፤ ቆሮሶም ሆነ አምባዛ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከማዕድዎ ቢገኝ፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ጋር ተደምሮ ብዙ ነገር ይሸፍናል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትዎ እተዋለሁ።) የነጠላውን ሴሌኒየም ጠርሙስ ግን ይተዉት።

ቫይታሚን ዲን በአጭሩ ልለፈው። የሃሺሞቶ ሕሙማን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ቫይታሚን ዲ ይገኝባቸዋል፤ እጥረቱ ሕመሙን ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም። ተለክቶ ካነሰ መሙላት ለአጥንትም ለጡንቻም ጥሩ ነው። ሳይለካ በየቀኑ 5,000 ዩኒት መውሰድ ግን ለአዋቂ ከተቀመጠው የ4,000 ጣሪያ በላይ ነው።

ከጠርሙሶቹ መካከል በጣም ሊጠቅምዎት የሚችለውን ንጥረ ነገር ማንም ትኩረት አልሰጠውም፤ እርሱም በመልቲቫይታሚኑ ውስጥ ተደብቆ ያለው ብረት ነው። ዕጢው ሆርሞን የሚሠራበት ኢንዛይም ብረት ይፈልጋል፤ የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ የብረት ማነስ የተለመደ ነው፤ ድካሙና የፀጉር መርገፉም ከታይሮይድ ድካም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ስለዚህ ሐኪምዎን ፌሪቲን የተባለውን፣ የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየውን ምርመራ ይጠይቁ። ጤፍ ብረት አለው የሚለው እውነት ቢሆንም ከዚያ ውስጥ የተወሰነው በአውድማ ከአፈር የሚጣበቅ ነው፤ ሰውነትም ሁሉንም አይጠቀምበትም፤ ከምግብ ላይ የሚጠጣ ቡናና ሻይም መመጠጡን ይቀንሰዋል። ፌሪቲኑ ካነሰ ሐኪም የሚያዝዝልዎት ለብቻው የሆነ የብረት ክኒን ነው፤ ምሳ ሰዓት ገደማ ይወሰድ፤ ቡናው ከእርሱ ይራቅ።

ከብረቱ ጋር ቫይታሚን ቢ 12 ይታይ። ቢ 12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ እርስዎም በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾሙ ከሆነ የሚያገኙት በዚያው ልክ ያንሳል። በተጨማሪም ሃሺሞቶ ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ የመከላከል ኃይሉ የጨጓራን ግድግዳ የሚያጠቃበት ሕመም ሊኖረው ይችላል፤ ያም ሕመም ቢ 12 እንዳይመጠጥ ያደርጋል። የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ የመርሳት ስሜት ወይም የምላስ ማቃጠል ካለ ይህን ለሐኪም መናገር ይገባል።

እናትዎ ስለሚሰጡዎት። ጥቁር አዝሙድ ባለፉት ዓመታት በሃሺሞቶ ላይ ተሞክሯል፤ በኢራን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 40 ሕሙማንን ይዞ፣ በቀን ሁለት ግራም ዱቄት ለስምንት ሳምንት ለወሰዱት ቲኤስኤችና ፀረ ቲፒኦ እንደቀነሰ ገልጿል። አርባ ሰው ለስምንት ሳምንት ማየት ተስፋ ይሰጣል እንጂ ሕክምና ለመለወጥ አይበቃም። በማር የሚሰጥዎትን ማንኪያ ለምግብነቱ ቢወስዱት አልቃወምም፤ ከክኒኑ ግን ይራቅ፤ ለሐኪምዎም ይነገር፤ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ካለ ደግሞ በተለይ። ሽፈራው ለታይሮይድ ይጠቅማል የሚያሰኝ የሚታመን የሰው ጥናት አላየሁም፤ ካልሲየም የበዛበት ቅጠል ስለሆነ ዱቄቱን እንደ ካልሲየም ክኒን ቆጥረው ከሌቮታይሮክሲኑ አራት ሰዓት ያርቁት። እናትዎን ቅር ማሰኘት አያስፈልግም፤ «እማዬ፣ ከሰዓት በኋላ ስጪኝ» ማለት ይበቃል።

ጎመንን ለምን ተዪ እንደሚሉዎት ይገባኛል፤ ጥሬው ጎመን ውስጥ የአዮዲንን አጠቃቀም የሚያውኩ ነገሮች አሉ። ሲበስል ግን ይህ ባሕርዩ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ጎመንን ጥሬውን በብዛት የሚበላ ጎጃሜ ደግሞ አላውቅም። የዳጉሳው ወሬ የመነጨው ከዳጉሳ የተለየ፣ በሱዳን ዳርፉር የሚበላ ፐርል ሚሌት የተባለ እህል ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ይመስለኛል፤ እነሱም ያጠኑት እህሉ ዋና ምግብ የሆነበትንና አዮዲን የሌለበትን ሕዝብ ነው። የዳጉሳ እንጀራዎን ይብሉ። ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን) ተዪ የሚልዎትም ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ ንጹሕ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እርስዎ ዘንድ ብዙ የሚተው ነገር የለም። ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት ሕመም በሃሺሞቶ ሕሙማን ዘንድ ከሌላው በዛ ብሎ ስለሚታይ፣ ስንዴ ሲበሉ ሆድዎ የሚታወክ ከሆነ ግን ስንዴውን ከመተውዎ በፊት ይመርመሩ፤ ከተዉት በኋላ ምርመራው ሊያጣው ይችላል።

ስለ ጾሙ መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት ክኒኑን በውኃ መዋጥ ከከበደዎት፣ ማታ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ቆይተው መውሰድ ይችላሉ፤ እራትዎ 1 ሰዓት ላይ ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ማለት ነው። በኔዘርላንድ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የማታ አወሳሰድ ከጠዋቱ እንደማያንስ፣ እንዲያውም በመጠኑ እንደሚሻል አሳይቷል። ብረት የሚወስዱ ከሆነ እርሱ በዚህ ጊዜ ከእራት ጋር መምጣት የለበትም። ሕማማት ሲደርስ ወይም ጸበል ቦታ ሲሰነብቱ ክኒኑን አቁመው ለመሞከር እንዳያስቡ፤ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ምእመናን የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ይታወሳል፤ የእርስዎ ክኒን ከዚያ የተለየ ሐሳብ አያስፈልገውም። ጉዳዩን ለንስሐ አባትዎ ግልጽ አድርገው ይንገሩ።

ስለ ሁለተኛው ልጅ። ቲኤስኤችዎ የሐሰትም ይሁን የእውነት ውጤት እየሰጠ ባለበት በአሁኑ ጊዜ እርግዝናውን ለጥቂት ወራት ማቆየት የተሻለ ነው፤ አወሳሰዱ ተስተካክሎ ውጤቱ በልኩ ሲገኝ ሐኪምዎ ይነግሩዎታል። ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ፣ እርግዝና ሲጀመር የሌቮታይሮክሲን ፍላጎት በአብዛኛው ከሩብ እስከ ሲሶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ መጠኑ ምን ያህል እንደሚጨመር አስቀድመው ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩና ምርመራው እርግዝና ባሳየበት ሳምንት ይሂዱ፤ ለእርግዝና ክትትል የመጀመሪያው ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ። አሽዋጋንዳና ኬልፕ ያን ጊዜ ጭራሽ ከቤት ይውጡ። ጤና ጣቢያው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ሲሰጥዎት ይውሰዱት፤ ሰዓቱ ግን ከሌቮታይሮክሲኑ አራት ሰዓት ይራቅ፤ ይህንንም ለአዋላጅ ነርሷ በመጀመሪያው ቀን ይንገሯት፤ ክኒኖቹን ሁሉ አንድ ላይ ዋጪ የሚለው ምክር በተለምዶ ከዚያ ነውና የሚመጣው።